ነገር ቆስቋሽ ተንታኝ ስልካችሁ ላይ ሲመጣ እንዴት ትሰሙታላችሁ (ከድሬ)

ሰላም ጀማ፣ እኔ ድሬ ዳዋ ታይዋን የሚባለው ገበያ ውስጥ ሞባይል ነው የምጠግነው። ስፒከር ቀይሬ ስጨርስ መስራቱን ለማየት ባለቤቱ መጨረሻ ላይ የከፈተውን ቪዲዮ ነው የምነካው፣ ድሮ ድሮ ዘፈን ወይ መንዙማ ወይ መዝሙር ነበር የሚወጣው፣ አሁን ግን አብዛኛው ስልክ ላይ የሚወጣው የሚጮህ ሰው ነው። "ዛሬ ማንም ያልደፈረውን ልናገር ነው" ይላል፣ ከዛ አንዱን ህዝብ ወይ አንዱን ሃይማኖት ወይ አንዷን ዘፋኝ ይዞ ይወርድባቸዋል። ባለስልኩ ፊቴ ቆሞ "አቦ እሱ እኮ እውነቱን ነው" ይለኛል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ደንበኛ ደግሞ የዛኑ ሰውዬ ቪዲዮ ከፍቶ "ይሄን ባለጌ ሰማኸው?" ይለኛል። አንዱ ይወደዋል አንዱ ይጠላዋል፣ ግን ሁለቱም እስከ መጨረሻው አይተውታል።

አትስሙት ብዬ አልመክርም፣ ድሬ ላይ አለመስማት አይቻልም። ከሰዓት ምሳ ተበልቶ ፀሀዩ ሲከር፣ ከዚራም በሉት መጋላም ገንደ ቆሬም፣ ፍራሽ ላይ ጋደም ተብሎ የጫቱ በርጫ ሲጀመር አንዱ ስልኩን ከፍ አርጎ መክፈቱ አይቀርም። እኔ የምነግራችሁ እንዴት ብትሰሙት ጎረቤታችሁን እንደማታጡ ነው፣ እኔ አንዱን አጥቼ ስለነበር ነው ቁጭ ብዬ ይሄን ሁሉ የምፅፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት 10 ሰዓት አካባቢ ምርቃናው ጥሩ ላይ ሆኜ ከአንድ ደቂቃ ትንሽ የምትበልጥ ቪዲዮ ደረሰችኝ፣ በጣም የሚታወቅ አንድ ተንታኝ ስለ አንድ ወገን የሚናገረው ነው፣ ደሜ ፈላ፣ እና ለሰፈራችን ቴሌግራም ግሩፕ ላክኩት። ከስር "ሰምታችኋል?" ብቻ ነው የፃፍኩት። አብሮ አደጌ፣ እናቱ ቤት እየበላሁ ያደግኩበት ልጅ፣ የተወራው ስለሱ ወገን ነበር። አልተሳደበም፣ አልመለሰም፣ ዝም ብሎ ከግሩፑ ወጣ። በማግስቱ በሱቄ በር ሲያልፍ አንገቱን ወደ ማዶ አዙሮ አለፈ፣ ስልኩንም ሌላ ሰው ጋ ማሰራት ጀመረ። ተናጋሪው ድሬን ረግጧት አያውቅም ይሆናል፣ እኔና ጓደኛዬ ግን በየቀኑ አንድ መንገድ ላይ ነው የምንተላለፈው።

እንግዲህ መጀመሪያ ማወቅ ያለባችሁ ሰውየው የሚሸጠው ምን እንደሆነ ነው። ሀሳቡን የሚሸጥ ይመስላችኋል፣ ግን የሚሸጠው እናንተ ስልኩ ላይ የምትቆዩበትን ሰዓት ነው። ዩቲዩብ ላይ አንድ ቻናል በረጅም ቪዲዮ ከማስታወቂያ ገንዘብ እንዲያገኝ 1,000 ሰብስክራይበር እና በ12 ወር ውስጥ 4,000 ሰዓት የታየ ቪዲዮ ያስፈልገዋል፣ ከዛ በኋላ ከማስታወቂያው ገቢ 55 በመቶው ለሱ ነው። ስለዚህ በአራት ደቂቃ የሚያልቀውን ነገር 40 ደቂቃ ይጎትተዋል፣ "ዋናው ጉድ መጨረሻ ላይ ነው" የሚለውም ለዛ ነው። ቲክቶክ ላይቭ ላይ ደግሞ ተመልካቹ በገንዘቡ ገዝቶ የሚልከው ጊፍት አለ፣ ከፅጌረዳ ጀምሮ እስከ አንበሳ፣ ባትል ሲገቡ ደግሞ ሁለቱ የተጣሉ ይመስላችኋል፣ ሰዓት ተቆጥሮ ደጋፊ ብዙ የላከለት ነው የሚያሸንፈው፣ የተሳደቡት ስድብ ግን ከስልካቸው ወጥቶ ሰፈራችሁ ይገባል።

ፌስቡክም አለበት። በፈረንጆች 2017 ላይ ፌስቡክ አንድ ፖስት ለስንት ሰው ይታይ የሚለውን ሲወስን የተናደደችውን ፊት፣ ያቺን ቀይዋን ኢሞጂ፣ ከተራ ላይክ አምስት እጥፍ ይቆጥራት ነበር፣ ሌሎቹም ኢሞጂዎች እንደዛው። በ2020 የቁጣዋን ነጥብ ወደ ዜሮ አወረዱት፣ ህዝብ ያወቀው ግን በ2021 የድርጅቱ የውስጥ ሰነዶች አፈትልከው ሲወጡ ነው። ያ ማለት እነዛን ዓመታት "ይሄን ሰውዬ እግዜር ይይልህ" እያላችሁ ቀይ ፊት የነካችሁ ሁሉ ንግግሩን ለብዙ ሰው አድርሳችሁለታል። አሁንም ቢሆን ኮሜንት ላይ ወርዶ መስደብ ያው ነው፣ ማሽኑ ስድብ ይሁን ምርቃት አይለይም፣ ሰው ቆየ ሰው ፃፈ ብሎ ነው የሚቆጥረው።

ይሄን ለአንድ ታላቅ ወንድሜ ስነግረው "እሱ ግን የሚናገረው ከልቡ ነው፣ አይኑን አይተኸዋል?" አለኝ። አይን አይቶ ማወቅ ከባድ ነው። የአሜሪካኖቹን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም እነሱ ጋ ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ ተመዝግቧል። አሌክስ ጆንስ የሚባል ሰው አለ፣ ቴክሳስ ኦስቲን ተቀምጦ ለዓመታት ላንቃው እስኪሰነጠቅ የሚጮህ። በ2017 ከቀድሞ ሚስቱ ጋር በልጆች አስተዳደግ ሲካሰሱ የራሱ ጠበቃ እዛ የሚታየው ገፀ ባህሪ ነው፣ እየተወነ ነው ብሎ ተከራከረለት። ልብ በሉ፣ ይሄ ሰው በ2012 ሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት 20 ህፃናትና 6 ትልልቅ ሰዎች የተገደሉበትን ነገር "ድራማ ነው፣ ማንም አልሞተም" ሲል ነበር፣ ሰሚዎቹ አምነውት ልጆቻቸውን የቀበሩ ወላጆች ላይ ዛቱ፣ ቤት እስኪቀያይሩ አሳደዷቸው። በ2022 ፍርድ ቤት ቆሞ ግድያው እውነት እንደሆነ አመነ፣ የኮኔቲከት ጁሪም፣ ማለት እንዲፈርዱ ከተራው ህዝብ የተመረጡ ሰዎች፣ ለቤተሰቦቹ 965 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ወሰነበት። ወላጆቹ ላይ የዛተው ሰው ግን የጠበቃውን ክርክር አልሰማም ነበር።

ታከር ካርልሰንም አለ፣ ፎክስ ኒውስ ላይ በየምሽቱ ሚሊዮኖች የሚያዩት የነበረ። በሱ ንግግር የተነሳ ጣቢያው በስም ማጥፋት ሲከሰስ ጠበቆቹ ያቀረቡት መከላከያ፣ አስተዋይ ተመልካች ይሄ ሰው የሚለውን ቃል በቃል እንደ እውነት አይወስደውም የሚል ነው፣ ዳኛዋም በ2020 ተቀብላ ክሱን ዘጋችው። እኔ ይሄን ካወቅኩ በኋላ የኛን ተንታኞች ስሰማ በልቤ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፣ ይሄ ሰው ነገ ዳኛ ፊት ቢቆም ይሄንኑ አረፍተ ነገር ይደግመዋል ወይ? ሞክሩት፣ የሚደግመውና የማይደግመው ወዲያው ይለያል።

አሁን ወደ ስራው እንግባ። አንድ ቪዲዮ ደርሷችሁ ደማችሁ ከፈላ ያኔውኑ ምንም አትላኩ። በተለይ ምርቃና ላይ፣ በተለይ ከሰዓት ከ9 እስከ 12 ባለው፣ ሁሉም ነገር ጥልቅ በሚመስልበት ሰዓት። ሴቭ አርጉትና ለጠዋት አሳድሩት። ድሬ ጠዋት ንፋስ አላት፣ ፉልና ባጊያ በልታችሁ ሻይ እየጠጣችሁ ስታዩት ሌላ ቪዲዮ ነው የሚሆንባችሁ። እኔ አስር ነገር ሳሳድር ጠዋት ላይ ልላከው የምለው አንድ ቢገኝ ነው።

ጠዋት ላይ ወረቀት አምጡ፣ እውነተኛ ወረቀት። ሶስት ቦታ ክፈሉት። አንዱ ላይ የሆነ ነገር፣ ማለት ቦታ ያለው፣ ቀን ያለው፣ ስም ያለው፣ ሌላ ሰው ሄዶ ሊያጣራው የሚችል። ሁለተኛው ላይ የሱ ሀሳብ፣ "እኔ እንደሚመስለኝ" የሚለው ዓይነት፣ ይሄ መብቱ ነው። ሶስተኛው ላይ ስድብ፣ ዛቻ እና ስለ አንድ ህዝብ በጅምላ የተባለ። እኔ የዛን ተንታኝ ሙሉ ቪዲዮ፣ 40 ደቂቃ ገደማ የሆነውን፣ ሱቅ ሳልከፍት ቁጭ ብዬ እንዲህ አረግኩት። የመጀመሪያው ቦታ ላይ ሶስት መስመር ብቻ ገባ። ሁለቱ ሰው ሁሉ ከዜና የሰማው ነው፣ ሶስተኛው ላይ "ምንጮቼ እንዳረጋገጡልኝ" ይላል፣ ምንጩ ማን እንደሆነ ቀርቶ የት ከተማ እንዳለ እንኳን የለም። የመጨረሻው ቦታ ሞልቶ ወረቀቱን ገልብጬ ነው የጨረስኩት። ያን ወረቀት እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለ፣ ሱቅ መጥቶ ስለሱ ለሚከራከረኝ ሰው አውጥቼ አሳየዋለሁ፣ ክርክሩ ያጥራል።

ወረቀት ይዛችሁ ስትሰሙ ጆሯችሁ የሚለምዳቸው ቃላት አሉ። "ስሙን አልጠራም ግን ታውቁታላችሁ" የሚል ሰው ስሙን ያልጠራው ብዙ ጊዜ እንዳይጠየቅ ነው፣ እናንተ ግን በራሳችሁ የምታውቁትን ሰው ስም ትሞሉበታላችሁ፣ ጎረቤት የሚጠፋው እዛ ጋ ነው። "ቪዲዮው ሳይጠፋ ቶሎ ሼር አርጉ" ካለ ደግሞ ማጣሪያ ጊዜ እየነሳችሁ ነው። "ዝም ያለ ሁሉ ከነሱ ወገን ነው" ሲል ዝም ብሎ ቡናውን የሚጠጣ ሰውን ጠላት አረገባችሁ። "እኔ ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቅኩት" የምትለዋም አለች፣ "እነዚህ ሰዎች ለምን ይሆን ሌሊት ሌሊት የሚሰበሰቡት?" ብሎ ጠይቆ ይሄዳል፣ መልሱን እናንተ በጨለማ ትሞሉታላችሁ። የኛ ቋንቋ ደግሞ ሰምና ወርቅ ያለው ስለሆነ አንዳንዱ ወርቁን ለደጋፊው ይልካል፣ ሲጠየቅ ሰሙን ይዞ "እኔ ስለ እርሻ ነው ያወራሁት" ይላል። ስለ አረም ከሆነ ያወራው አረሙ የት ማሳ ላይ እንዳለ ጠይቁት።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ የምፈራው ይሄን ነው። ሰው ወደ ተባይ፣ ወደ አረም፣ ወደ በሽታ ሲቀየር ወሬው ሌላ ደረጃ ገብቷል። ሩዋንዳ ውስጥ አርቲኤልኤም የሚባል ሬዲዮ በ1993 ሲከፈት የሚያስፈራ ሬዲዮ አልነበረም፣ ሙዚቃው ጥሩ ነበር፣ አቅራቢዎቹ ቀልደኞች ነበሩ፣ ወጣቱ ይወደው ነበር። እየቀለዱ ቱትሲዎችን በረሮ ማለት ጀመሩ። በ1994 በ100 ቀን ውስጥ በመቶ ሺዎች ሲጨፈጨፉ ያው ሬዲዮ የሰው ስም እና መደበቂያ እየተናገረ ነበር። ከአቅራቢዎቹ አንዱ ጆርጅ ሩጂዩ አውሮፓዊ ነበር፣ ጥፋቱን አምኖ በ2000 አሩሻ በሚገኘው ፍርድ ቤት 12 ዓመት ተፈረደበት፣ በ2003 ደግሞ ከሬዲዮው መስራቾች ሁለቱና የአንድ ጋዜጣ ባለቤት ጥፋተኛ ተባሉ። በ2015 እንግሊዝ ውስጥ ኬቲ ሆፕኪንስ የምትባል ፀሐፊ ባህር አቋርጠው የሚመጡ ስደተኞችን በአንድ ትልቅ ጋዜጣ ላይ በረሮ ብላ ስትፅፍ የተባበሩት መንግስታት የሰብዓዊ መብት ኃላፊ ወዲያው ያስታወሰው ያንን የሩዋንዳ ሬዲዮ ነው። በዛ ባህር የሚሄዱት ውስጥ የኛም ልጆች አሉ። ስለዚህ ቃሉን ስትሰሙ "ይቀልዳል እኮ" አትበሉ፣ አርቲኤልኤምም ይቀልድ ነበር።

ተቆርጦ የመጣ ቪዲዮ ላይ ደግሞ ሙሉውን ሳታዩ ምንም አትበሉ። የእኔዋ ቪዲዮ ሙሉው ላይ ተንታኙ የተናገረው ያንን ቃል የተናገረ ሌላ ሰው እየጠቀሰ ነበር፣ ከዛ በኋላ እሱም የራሱን መጥፎ ነገር ጨምሯል፣ ንፁህ ነው አልልም፣ ግን እኔ የላክኩት ግማሹን ነው። አፈላለጉ ቀላል ነው፣ ቪዲዮው ጥግ ላይ የቻናል ስም ወይ የቲክቶክ ስም አለ፣ እሱን ፃፉትና ገብታችሁ በቀኑ ፈልጉ፣ ከተናገረው ውስጥ አንድ ለየት ያለ ቃል ይዛችሁ ብትፅፉም ይመጣል። ቀኑን እዩ፣ የቆየ ነገር ዛሬ እንደሆነ ተደርጎ ነው የሚዞረው። ፎቶ ከሆነ ጉግል ሌንስ ላይ ጣሉት፣ የት የት እንደወጣ ያሳያችኋል። አንዴ ዝናብ ሲዘንብ አንዱ "ድሬ አሁን" ብሎ የጎርፍ ፎቶ ይዞ ላይቭ ገብቶ መንግስትንም ህዝብንም ሲሰድብ ነበር፣ ፎቶው ግን በኛ አቆጣጠር የ1998ቱ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ነው፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደብን። እዛ ጎርፍ ላይ ሰው የሞተባቸው ቤተሰቦች አብረውን ይኖራሉ፣ ያን ፎቶ ለቪው ሲጠቀሙበት ማየት ምን እንደሚያደርጋቸው አስቡት።

ስልካችሁን ማፅዳትም ይቻላል፣ ይሄ የኔ ሙያ ስለሆነ በደንብ ልንገራችሁ። ዩቲዩብ ላይ ከቪዲዮው ጎን ያሉትን ሶስት ነጥቦች ነክታችሁ ይሄን ቻናል አታምጣብኝ የሚለውን ምረጡ፣ ከዛ ሂስትሪ ውስጥ ገብታችሁ የዛን ሰው ቪዲዮዎች አጥፉ፣ ሂስትሪውን ካላጠፋችሁ የሱን መሰሎች እያመጣ ይቀጥላል። አውቶፕሌይንም ዝጉት፣ ብዙ እናቶች ሳያውቁ የሚሰሙት በሱ ነው፣ ስብከት ከፍተው ወጥ ሊያማስሉ ሲሄዱ ሶስተኛው ቪዲዮ ላይ ተሳዳቢው ይመጣል። ቲክቶክ ላይ ቪዲዮውን ተጭናችሁ ያዙና ኖት ኢንተረስትድ በሉት፣ በጣም ከተበላሸ ሴቲንግ ውስጥ ፎር ዩን እንደ አዲስ የሚያስጀምር አለ። ፌስቡክ ላይ ደግሞ ወዳጃችሁ ሆኖ እንዲህ ዓይነት ነገር ሼር የሚያበዛ ካለ አንፍሬንድ ማረግ አያስፈልግም፣ ለ30 ቀን ስኑዝ የሚል አለ፣ እሱም አያውቅም እናንተም ታርፋላችሁ። የእናቴን ስልክ እንዲህ ካረግኩላት በኋላ ማታ ማታ ስለማታውቀው ሰው መናደድ አቆመች።

በርጫ ላይስ? እዛ ጋ ወረቀት አውጥታችሁ ልታስተምሩ አትችሉም። አንድ የተማርኩት ነገር፣ ሰውየውን አትንኩት። "ያንተ ተንታኝ ሌባ ነው" ስትሉ ጓደኛችሁ ራሱን የሰደባችሁት ነው የሚመስለው፣ ከዛ ሊከላከልለት ያልፈለገውንም ይከላከልለታል። አረፍተ ነገሩን ነው መጠየቅ። "እንትን አለ አይደል፣ እሱን ከየት አመጣው?" በቃ፣ በእርጋታ፣ እንደማወቅ ፈልጎ። ብዙ ጊዜ "እኔንጃ፣ እሱ አለ" ነው መልሱ፣ እዛ ላይ ተዉት፣ አትጫኑት፣ ማታ ቤቱ ሄዶ ራሱ ያስበዋል። ሌላው ደግሞ ቤቱ ውስጥ ማን እንዳለ ማየት ነው። ድሬ ላይ አንድ ፍራሽ ላይ ኦሮሞውም ሶማሌውም አማራውም ሀረሪውም ጉራጌውም አብሮ ነው የሚቀመጠው፣ አንዱን አረፍተ ነገር በአማርኛ ጀምረን በኦሮሚኛ ቀጥለን በሶማሊኛ የምንጨርስ ሰዎች ነን፣ ስለዚህ የሚጮኸው ቪዲዮ ስለ ማንም ይሁን የሚነካው ሰው እዛው ቤት ውስጥ አለ። እኛ ቤት አሁን ስፒከር ላይ ቪዲዮ የሚከፍት መጀመሪያ "ልክፈት?" ይላል፣ አንድ ሰው "ተወው" ካለ ኢርፎን ያረጋል። ማንም አልተቀየመም።

ግን ደግሞ የሚያናድድ ሁሉ መጥፎ አይደለም፣ ይሄን ካላልኩ ያጠፋሁ ይመስለኛል። ድሮ ነገስታቱ "እረኛ ምን አለ?" ብለው ያስጠይቁ ነበር፣ ፊት ለፊት የማይባለው ከእረኛ አፍ ስለሚወጣ፣ አዝማሪም እንደዛው ባለጊዜውን እየወጋ ነው የኖረው። ሙስና የሚያጋልጥ፣ ዝም የተባለ በደል የሚናገር ሰው ያናድዳል፣ መናደድ ያለበት ሰው ስላለ። እንዴት ትለያላችሁ? እኔ የምለየው እንዲህ ነው። የሚመታው ማንን ነው፣ ከሱ በላይ ያለውን ነው ወይስ መልስ መስጠት የማይችለውን ድሃ? ተሳስቻለሁ ብሎ ያውቃል፣ ያለውስ በዛው መድረክ በዛው ድምፅ ነው? የራሱ ደጋፊዎች ተናደውበት ያውቃሉ? ሁሌ አንድ ወገን ብቻ የሚያስጨበጭብ ሰው እውነት እየፈለገ አይመስለኝም፣ እውነት እኮ ዞራ ዞራ የራስንም ቤት ታንኳኳለች። ሰነድ ሲጠየቅ ሰነድ ካወጣ፣ ሲጠየቅ ካልተሳደበ፣ እኔ እሰማዋለሁ፣ ቢያመኝም እሰማዋለሁ።

መስመር ያለፈው ላይ ደግሞ ዝም አትበሉ። አንድን ህዝብ ለማጥቃት የሚቀሰቅስ ከሆነ መጀመሪያ ማስረጃ ያዙ፣ ሊንኩን፣ ቀኑን፣ የተናገረበትን ደቂቃ፣ ስክሪንሾት ወይ ስክሪን ሪከርድ። ከዛ ሪፖርት አርጉ፣ ሪፖርት ስታረጉ ሄት ስፒች የሚለውን መርጣችሁ ደቂቃውን ፃፉ። አገራችን በኛ አቆጣጠር በ2012 ያወጣችው የጥላቻ ንግግርና ሀሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185 አለ፣ የጥላቻ ንግግር እስከ ሁለት ዓመት እስር ወይ እስከ 100,000 ብር ቅጣት ያመጣል፣ ሀሰተኛ መረጃ ላይ ደግሞ ከ5,000 በላይ ተከታይ ያለው አካውንት ቅጣቱ ይከብድበታል። ለእኔና ለእናንተ የሚጠቅመው ደግሞ ይሄ ነው፣ ህጉ ላይክ እና ታግ ማድረግን ከማሰራጨት አውጥቶታል፣ ሼርን ግን አላወጣውም። ያው አዋጅ የፖለቲካ ትችትን፣ ዜናን፣ ኪነ ጥበብን፣ ጥናትን እንደማይነካ ተፅፎበታል፣ ስለዚህ ሀሳቡ ስላናደዳችሁ ብቻ ተሰባስባችሁ የሰው አካውንት ለማዘጋት ሪፖርት አትደርድሩ፣ ነገ በእናንተም ላይ ይደረጋል። ልትረግሙት ብላችሁ ቪዲዮውን ሼር ማድረግ ግን በጭራሽ። ማሳወቅ ካለባችሁ ያለውን በራሳችሁ ቃል ፃፉ፣ ሊንኩን አትስጡት።

የመጨረሻው ልክ እንደ እኔ አስቀድማችሁ ለላካችሁ ነው። ከግሩፑ ላይ ለሁሉም አጥፉት። ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ እዛው ግሩፕ ላይ ፃፉ፣ "ቅር የተሰኘ ካለ" ብላችሁ አትጀምሩ፣ ያ ይቅርታ አይደለም። "የላክሁት ተቆርጦ ነው፣ ሙሉው እንዲህ ነው፣ ሳላጣራ ነው የላክሁት፣ አጥፍቻለሁ" በሉ። ከዛ ሰውየው ጋ በእግራችሁ ሂዱ፣ በቮይስ አይሆንም፣ በቴክስት አይሆንም። እኔ ሶስት ወር ነው የቆየሁት፣ ያን ያህል አትቆዩ፣ በቆያችሁ ቁጥር በሩ ይርቃል።

ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ ገዝቼ ሄድኩ፣ እናቱ ናቸው በሩን የከፈቱት። "የት ጠፋህ አንተ ልጅ፣ ከሀገር የወጣህ መስሎኝ" ብለው ጉንጬን ሳሙኝ። ሶስት ወር ሙሉ አልነገራቸውም። ከውስጥ ወጥቶ ሲያየኝ ቆመ፣ ከዛ ቁጭ በል አለኝ። ሙሉ ቪዲዮውን ላሳየው ስልኬን ሳወጣ በእጁ መለሰኝ፣ "እሱን ሰውዬ እኮ ያኔም አውቀዋለሁ፣ ያላወቅኩት ያንተን 'ሰምታችኋል' ነው" አለኝ። ምን እመልሳለሁ፣ "ልክ ነህ፣ አጥፍቻለሁ" አልኩት። እናቱ ቡና አቀረቡ፣ ስለ ኳስ ምናምን አወራን፣ ሁለተኛው ስኒ ላይ ስልኩን አውጥቶ ሰጠኝ፣ ቻርጅ አልይዝ ብሎታል፣ ሌላ ሰው ጋ ሁለቴ አሰርቶት አልተስተካከለም። ከእናቱ መርፌ ተውሼ መሰኪያውን ቀስ ብዬ ጫርኩት፣ የታጨቀ አቧራ ነው የወጣው፣ ሰካነው፣ ያዘ።